አባ የሚፈለጉበት በር

ካዛንቺስ ውስጥ ያደግኩበት ቤት የኛ አልነበረም። የቀበሌም ቢሆን በወረቀት ነው እንጂ በሰው አፍ የቀበሌ አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ «የአባ ቤት» ነበር የሚለው። ወደ ሃያ ዓመት ኖርንበት። አባቴ ቆርቆሮውን ቀየረ፣ እናቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳውን ኖራ ቀባች፣ እኔ የወተት ጥርሴን ጣሪያው ላይ ወረወርኩ። ይኼ ሁሉ ሆኖ ጎረቤት ሲያስተዋውቀን «የአባ ቤት ያሉት ሰዎች» እያለ ነበር። ልጅ ሆኜ ያናድደኝ ነበር። አሁን ቤቱም የለም፣ አባም የሉም፣ እኔም አፌ ላይ የሚመጣው ያው ነው፤ የአባ ቤት።

ቤቱን ያሠራው ደብሩ ነው። ያኔ ዙሪያው ሣርና ባሕር ዛፍ ነበር አሉ፤ ለደብሩ ካህን ማደሪያ ይሁን ተብሎ በጭቃና በእንጨት ተሠራ። ሰፋፊ ሦስት ክፍሎች፣ የጣውላ ወለል፣ ፊት ለፊት በረንዳ። ከጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ የሷ በር ግን ወደ ግቢው ሳይሆን ወደ መንገዱ ነው የሚከፈተው። ምክንያቱን የደብሩ ካህን ሆነው እዚያ የኖሩት አባ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ንስሐ ሊገባ የሚመጣ ሰው የካህኑን ሚስትና ልጆች ሳያይ፣ ማንም ሳያየው ገብቶ፣ የልቡን ተናግሮ እንዲወጣ ነው።

በኋላ የትርፍ ቤት አዋጁ መጣና ቤቱ ወደ ቀበሌ ዞረ። አባ እዚያው ተከራይ ሆነው ቀሩ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ግን መነኮሱ፤ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ሄደው ነበር። «ይኼ ሁሉ ክፍል ለአንድ መነኩሴ ምን ያደርጋል» ብለው ቁልፉን ለቀበሌው አስረከቡና ደብሩ አጥር ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ገቡ። ቤቱ ለኛ ደረሰን። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ዕቃችንን ስናስገባ አባ በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁን። እናቴን አንድ ነገር ለመኗት። «የንስሐ ልጆቼ ብዙዎቹ ከሰፈሩ ወጥተዋል ልጄ። ሰው ሲታመምባቸው የሚልኩት እዚህ ነው። እባክሽ ከበር አትመልሻቸው» አሏት። እናቴ ጉልበታቸውን ስማ «ሕይወቴ እስካለ አይመለሱም አባ» አለች። እናቴ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ደንብ ወጣ። አባን ፍለጋ የመጣ ሰው በጣት አይጠቆምም፤ አንድ ሰው ከቤት ተነስቶ እስከ ደብሩ አጥር ያደርሰዋል፣ ለአባ እጅ በእጅ ያስረክበዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ወጥ እሳት ላይ ቢሆን ይወርዳል፣ እንግዳ ቢኖር «አንድ ጊዜ» ይባላል። «የታመመ ሰው የላከው ሰው መንገድ አይሰማም፣ ቢጠቁሙትም አያይም» ትል ነበር እናቴ። መጀመሪያ እሷ ነበረች የምትሄደው። እኔ አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነገሩ ወደ እኔ ተላለፈ፤ ለሷ አንድ ነኝ፣ የማካፍለው ወንድም እህት የለኝም። መሄጃው ሩብ ሰዓት፣ መመለሻው ዳገት።

በዚያ ላይ የጎኗ ክፍል የኔ ሆነች። ተማሪ ናት፣ ለብቻዋ ታጥና ተብሎ ተሰጠችኝ። ሰው ግን የሚያንኳኳው ሌላውን በር ሳይሆን ያንን ነው፤ የለመደው እሱን ነዋ። ከማንኳኳቱ በፊት ደግሞ መቃኑን ይሳለማል። የቀኙ መቃን በግንባር ቁመት ላይ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ቅባት የጠጣ እንጨት መስሎ ነበር። አባቴ ቀለም ቢቀባውም ዓመት ሳይሞላው ያው ይሆናል። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው ግንባር እንጨቱን ሲነካ እሰማና «መጡ ደግሞ» እላለሁ። ድሮም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ሳልፈልግ ነው የምመጣው፤ ግን የቤቱን ታሪክ ጀምሬ እሷን ብዘል ዋሸሁ ማለት ነው፣ ውሸት ደግሞ ይበቃኛል።

የማትሪክ ፈተና ሊጀመር አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ልቅሶ ሄዳለች፣ አባቴ ጋራዥ ነው። ሂሳብ ላይ ተጣብቄያለሁ፤ ያልገባኝ ከገባኝ ይበልጣል። በሩ ተንኳኳ።

ስከፍት የኔው እኩያ የሆነች ልጅ ነች። ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል፣ የላስቲክ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቷል።

«አባ አሉ?» አለች። «እናቴ በጣም ታማለች። አባን ጥሪልኝ ብላኝ ነው።»

ደንቡን አውቃለሁ። ጫማ ማድረግ፣ መሄድ፣ መመለስ። ከሰላሳ ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኔ ግን ደብተሬን ዞር ብዬ አየሁና አፌ የራሱን ተናገረ።

«አባ የሉም። ክፍለ ሀገር ሄደዋል፤ ነገ ይመለሳሉ። ቤታችሁን ንገሪኝ፣ ሲመጡ እልክልሻለሁ።»

እንዲህ በቀላሉ። ሳልንተባተብ። ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ፣ ቢሆንም አመነችኝ፤ የአባ ቤት ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ በስተጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለችኝ። የሂሳብ ደብተሬ የመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍኩት።

«እውነት ትነግሪያቸዋለሽ አይደል?»

«አልኩሽ እኮ» አልኳት ቆጣ ብዬ።

መቃኑን ተሳለመችና በዝናቡ ሄደች። ግቢና ተጠለዪ እንኳ አላልኳትም።

ማታ እናቴ ስትገባ እንደ ወትሮዋ «ማን መጣ?» ብላ ጠየቀች። «ማንም» አልኳት። ብነግራት ኖሮ እጄን ይዛ ትወስደኝ ነበር፣ ስለዚህ ነው ያልነገርኳት። ረስቼ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁም። በመጀመሪያው የፈተና ቀን ነገ እሄዳለሁ አልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሂሳብ ነበር፤ ነገ ሁሉም ያልቃል፣ ያኔ እሄዳለሁ አልኩ። በቃ፣ እንዲህ ነው የሆነው። ሴትየዋ እየሞተች መሆኗን እያወቅኩ ነገ ነገ እያልኩ ሦስት ቀን አሳለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ወረቀት አስረክቤ ከፈተና እንደወጣሁ በቀጥታ አባ ዘንድ ሄድኩ። ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግማሉ።

«አባ፣ ሰው ታሞ እርስዎን ይፈልጋል» አልኩ። መቼ ማን እንደመጣ አልተናገርኩም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። መጽሐፉን አጠፉ፣ መስቀላቸውን ከግድግዳው ምስማር አወረዱ፣ ተነሱ። ታክሲ እንያዝ ስላቸው «እስኪሞላ ከመጠበቅ እንሂድ» ብለው ቀደሙኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ እየሮጥኩ ነበር የምከተላቸው። እግራቸው ከኔ እግር ይጠነክር ነበር፤ ይኼን ልብ በሉልኝ።

ወፍጮ ቤቱን ስናልፍ ድንኳን አየሁ። ሸራው ከሰማያዊው የቆርቆሮ በር ጀምሮ እስከ መንገዱ ተወጥሯል። ወደ ኋላ ቀረሁ። አባ ግን ቆም ብለው አማተቡና ገቡ፤ እኔም ከኋላቸው ገባሁ፤ የምሸሽበት አጣሁ።

ልጅቷ መሬት ላይ ነበረች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አባን ስታይ ተነሳች፣ መስቀል ግን አልተሳለመችም።

«ሦስት ቀን ጠበቀችዎት አባ» አለች። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ዘግቷል። «በር በሩን እያየች ነው ያረፈችው። ክፍለ ሀገር ናቸው፣ ነገ ይመጣሉ እያልኩ አጽናናኋት።»

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ትልቅ ሰው፣ ከደብሩ ሰፈር ለልቅሶ የመጡ መሰሉኝ፣ «የምን ክፍለ ሀገር?» አሉ። «ትናንትና ቅዳሴ ላይ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ።»

 ሰው ሁሉ አባን ያያል። አባ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ አላዩኝም፤ አንዴ ብቻ ነው ያዩኝ፣ ግን ሁሉንም እንዳወቁ አወቅኩ።  አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል።

«እግሬን አሞኝ ነበር» አሉ አባ። «መምጣት አቅቶኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ታዲያ ለምን አስዋሹ?» አለች ልጅቷ። «እግሬን ቢሉኝ ኖሮ በጀርባዬ አዝዬ አመጣዎት ነበር።»

አባ አንገታቸውን ደፉ። ፍትሐት አድርሰው፣ የሰጧቸውን ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። ማንም አልሸኛቸውም።

ዳገቱን ስንመለስ በቀስታ ሄዱ። ይቆጡኛል፣ ቢያንስ ይጠይቁኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ደብሩ አጥር አጠገብ ስንደርስ ብቻ «ፈተናሽን ጨረስሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«እግዚአብሔር ያሳካልሽ። ሲከብድሽ ነይ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉና ገቡ።

ማትሪኩን ጥሩ አምጥቼ አለፍኩ። እናቴ «የአባ ቤት በረከት ነው» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እኔ ያንን ውጤት አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አላየሁትም።

ወሬው ግን ከውጤቴ ቀድሞ ደርሷል። አባ ሰው እያጣጣረ ሲጠራቸው እግሬን ብለው ቀሩ፤ ያውም ክፍለ ሀገር ሄደዋል አስብለው። እንዲህ ዓይነት ወሬ በካህን ላይ ሲወራ ይታያችሁ። የንስሐ አባት ሌላ ሁሉ ቢቀር ለሞት ሰዓት አይደል? አንዳንዱ ፊት ለፊት ሄዶ «ሌላ አባት ይዣለሁ» አላቸው፤ ብዙው ግን ዝም ብሎ ቀረ። በሬን የሚያንኳኳው ሰው እየቀነሰ መጣ። በሳምንት ሁለትና ሦስት የነበረው በወር አንድ ሆነ፣ ከዚያ በዓመት ጥቂት።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ አበደች። አንድ ቀን ከሰንበቴ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

«አንቺ አይደለሽ ለገሃር የወሰድሻቸው? ምንድን ነው የሆነው? አባ እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ እማዬ» አልኳት። «እግሬን አሞኝ ነበር ሲሉ ሰማሁ።»

እናቴ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ «እንግዲህ ሰው ናቸው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ በኋላ ለአባ መከራከሯን ተወች። እሷንም የቀማኋቸው እኔ ነኝ።

ለምን አልነገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አፍሬ ነው። ማለቴ፣ መጀመሪያ አፍሬ ነው፣ በኋላ ደግሞ የዘገየሁት ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነብኝና ሁለቱን አንድ ላይ መናገር ከበደኝ። ያቺ ክፍል ሰው የልቡን ተናግሮ የሚወጣባት ክፍል ነበረች፤ እኔ በየቀኑ እዚያ ውስጥ ይዤው እተኛ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆኜ፣ ቢሮ ሠራተኛም ሆኜ ሰው ሲመጣ ከማንም ቀድሜ እነሳለሁ፣ እስከ አጥሩ አደርሳለሁ። ከአጥሩ ግን አላልፍም። አባ በር ላይ ወጥተው ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔ ራቅ ብዬ እጅ እነሳና ዳገቱን እመለሳለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ይፈርሳል ተባለ። ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ፣ በረንዳችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ ሦስተኛ ፎቅ። አባቴ ያኔ አርፎ ስለነበር ዕቃውን ያሰርነው እናቴና እኔ ነን። አሮጌ እንጨትና ቆርቆሮ የሚገዙ ሰዎች ቤቱን እየዞሩ ሲያንኳኩ እናቴ ያንን መቃን አንሰጥም አለች። ሰዎቹ ሳቁ፤ ነቅለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ሊያቆሙት ነው። መጨረሻ ላይ ተሳልማው ወጣች። እኔ ግንባሬን ላስጠጋ ብዬ ተውኩት።

ከመሄዳችን በፊት እናቴ አዲሱን አድራሻችንን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ የሕንፃውን ቁጥር፣ የቤቱን ቁጥር፣ የጎረቤት ስልክ ሳይቀር። «ለአባ አድርሺልኝ፤ እኔ ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል። የሚፈልጓቸው ሰዎችም ቢኖሩ እዚያው እንዲጠይቁ እንንገር» አለች። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ብሄድ ብቻዬን ከሳቸው ጋር መቀመጤ ነው፤ ያኔ መናገር ይመጣል። ነገ አልኩ። ሰው ከስህተቱ ይማራል ይባላል አይደል፣ እኔ አልተማርኩም። ነገ እያልኩ ሁለት ወር ሞላ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ የድሮ ጎረቤታችንን አገኘኋቸው። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «አባ እኮ አረፉ፤ ወር አለፋቸው» አሉኝ። «የት ገብታችሁ ነው? ፈልገን አጣናችሁ። ሲታመሙ ያቺን ልጅ ጥሩልኝ ብለው ዲያቆኑን ላኩት፤ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ቤቱ ፈርሷል፣ ሰፈሩ የለም፣ ማንን ይጠይቅ?»

አባም ሰው ሲፈልጉ ወደዚያ በር ላኩ። ዲያቆኑ ከበሩ ተቀብሎ የሚያደርሰው ሰው አጣ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ታክሲ ተራው ላይ አውጥቼ አየሁት፣ የእናቴ ጽሑፍ በማጠፊያው ላይ ተፍቋል። ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ጎረቤታችን አጽናኑኝ፤ ደጓን ልጅ ሆድ ባሳት ብለው ነው።

ቀብሩ ላይ ካህናቱና ጥቂት የሰንበቴ ሰዎች ብቻ ነበሩ አሉኝ። ከንስሐ ልጆቻቸው የመጣ በጣት የሚቆጠር ነው። ይኼን ስሰማ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ወደ ጎተራ መሄዴን ትቼ ከጣቢያው በስተጀርባ ታጠፍኩ። ወፍጮ ቤቱ ዕቃ መጋዘን ሆኗል፤ ሰማያዊው በር ግን ዝጎ አለ።

ልጅቷ ራሷ ከፈተች። ልጅ ታቅፋለች፣ ሌላ ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ይዟል። አላወቀችኝም። «የአባ ቤት ልጅ ነኝ» አልኳት። ፊቷ ተቋጠረ።

ቆሜ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ሂሳቡን፣ ክፍለ ሀገሩን፣ ሦስቱን ቀን፣ አባ አንዴ ዞረው እንዳዩኝ። እግራቸውን ምንም እንዳላመማቸው። ትጮህብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝም ደስ ይለኛል። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች።

«ለሳቸው ነገርሻቸው?» አለች።

«አልነገርኳቸውም።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ትንሹ ልጅ ፊቷን ለማየት ጎንበስ አለ።

«ሲታመሙ እኔንም አስጠርተውኝ ነበር» አለች። «ዲያቆን ልከው። ይቅርታ ልጠይቃት ብለው። ቂሜን ቋጥሬ፣ እናቴ እንደጠበቀች ይጠብቁ ብዬ… እግሬን አሞኛል በልልኝ አልኩት።»

 ከዚያ ሕፃኑን ለኔ አቀበለችኝና ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው፣ አባ ከሞቱ ወር ካለፋቸው በኋላ።